ሳጥን ሰባት፦ ከወ እስከ ጀ

ስለሚያፈስ ጣሪያ ብቻ የሚያወሩ ስምንት ደብዳቤዎችን ማን ይሰርቃል?

ሰኞ ጠዋት፣ ከልደታ ማርያም ፊት ለፊት ባለ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆሜ ይህችን ጥያቄ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩና ከሥሯ አሰመርኩ። ደብዳቤዎቹ መጥፋታቸውን ያወቅኩትም በስህተት ነው።

ለጣቢያችን የደረሰው አቤቱታ «የሚስ ጃርሶ ደብተር ተሰርቋል» ይላል። ስለዚህ የሟቹ የፕሮፌሰር ሸዋንግዛው ወረቀቶች ወደሚጠበቁበት ሰነድ ክፍል እንደገባሁ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ግራጫ ሳጥን ከፈትኩ። ጎኑ ላይ በጥንቃቄ «7፤ ከወ እስከ ጀ» ተብሎ ተጽፏል። ማህደሮቹን በጣቴ እያለፍኩ እስከ መጨረሻው ሄድኩና «ጃርሶ» የሚለውን ስቤ ከፈትኩት። ከተጣጠፈ ጋዜጣ በቀር ምንም የለበትም።

«ይኸው፣ ደብተሩ የለም» አልኩ።

«እሱ አይደለም» አለች የሰነድ ክፍሉ ኃላፊ ናዝሬት ከኋላዬ።

«ጃርሶ አይደል የምትባለው?»

«እንደዚያ የሚሏት የፕሮፌሰሩ መጽሐፍ አሳታሚዎች ናቸው። ሴትዮዋ ወለተሰንበት ናት፤ ጃርሶ አባቷ ነው። ወ ላይ ፈልጊያት። እዚህ ሰው በአባቱ ስም አይፈለግም፤ ውጭ አገር ነው ያስለመደሽ።» ከዚያ ድምጿ ተለወጠ። «ቆይ እስቲ። ይሄኛው ውስጥ ጋዜጣ ምን ይሠራል?»

ማህደሩ የሌላ ሰው፣ የአቶ ጃርሶ ነበር፤ ሆለታ የነበረችውን የፕሮፌሰሩን ቤት ይጠብቁ የነበሩ ሰው። ስምንት ደብዳቤ ጽፈዋል። ጣሪያው አፈሰሰ፣ ቆርቆሮ ይላክ፣ አሁንም አፈሰሰ። ሌላ ነገር የላቸውም።

ወ ላይ ያለውን ከፈትነው። እዚያ ደግሞ በደብተር ልክ የተቆረጠ ነጭ ወረቀትና ክብደት እንዲሰጠው የተደረገ ካርቶን አለ።

«ጨዋ ሌባ ነው» አለ አብሮኝ የመጣው ሳጅን ማኑ። «የወሰደውን ተክቶ ነው የሚሄደው።» ማኑ ፖሊስ ከሆነ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሲቀልድ ፊቱ አይፈታም።

እኔ አልሳቅኩም። «ውጭ አገር ነው ያስለመደሽ» የምትለው ቃል ጆሮዬን እያቃጠለችኝ ነበር።

ናዝሬትን ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ አውቃታለሁ። አንድ ዴስክ ላይ ነው የተማርነው። እኔ የሰነድ ምርመራ ልማር ብዬ ፖላንድ፣ ክራኮቭ ዘጠኝ ዓመት ስቀመጥ፣ እሷ ልደታ ኮንዶሚኒየም ቀረች፤ ከእናቴ ጋር በአንድ ብሎክ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ቀን የእናቴን በርሜል የምትሞላው እሷ ነበረች። ሐኪም ቤት የምትወስዳት እሷ ነበረች። እናቴ በስልክ «ናዝሬት እንዲህ አለችኝ፣ ናዝሬት እንዲህ አደረገችልኝ» ስትል «ጎሽ» እላለሁ፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እጄን ኪሴ ውስጥ ጨብጬ ብዙ መንገድ እሄዳለሁ። ለቀብሯ አልደረስኩም። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ውስጥ ስገባ ለቀስተኛው መጀመሪያ የሚያቅፈው ናዝሬትን ነበር። አንዲት ሴትዮ ወደ እኔ ዞረው «ይቺ ደግሞ ማን ናት?» ሲሉ ሰማሁ። ሦስት ዓመት አልፏል፤ አሁን በእናቴ ቤት የምኖረው እኔ ነኝ። ያችን ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ ይዣት እዞራለሁ።

«ቁጭ በይና ከመጀመሪያው ንገሪኝ» አልኳት።

ነገረችኝ። ፕሮፌሰር ሸዋንግዛው በኮከቦች ሆድ ውስጥ አንዱ ንጥረ ነገር ወደ ሌላው እንዴት እንደሚለወጥ ያጠኑ ነበር። በ1964 ዓ.ም. በውጭ መጽሔት ያሳተሙት ስሌት፣ ኮከብ ውስጥ ካለው ካርቦን ምን ያህሉ ኦክስጅን እንደሚሆን የሚያሳየው፣ ስማቸውን በዓለም አስጠራው። ከሞቱ አሥራ አራት ዓመት ሆኗል። የተዉት ወረቀት አሥራ ሁለት ሳጥን ነው፤ ናዝሬት ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ በአንድ አንብባዋለች።

«ስሌቱን የሠራችው ግን ወለተሰንበት ናት» አለች። «በታይፒስትነት ነበር የቀጠሯት። በጽሑፉ ግርጌ ‘ለታይፕ ሥራ ሚስ ደብልዩ ጃርሶን እናመሰግናለን’ ተብላ ታልፋለች፤ በቃ። ደብተሩ መቶ አርባ ገጽ ነው፤ ሁሉም የእሷ እጅ ነው። ገጽ ስልሳ ሁለት ላይ የፕሮፌሰሩን ስህተት አግኝታ አርማዋለች።»

ስልኳን ሰጠችኝ። ፎቶው ላይ በጥቃቅን ቁጥሮች ዳር በሌላ ሰው እጅ የተጻፈ መስመር አለ፦ «ወለተሰንበት፣ ልክ ነሽ። እኔ ተሳስቻለሁ። ሸ.»

«የፕሮፌሰሩ ሥራዎች ተሰብስበው ሊታተሙ ነው» አለች። «ዓርብ ይዘጋል። ደብተሩ እስከዚያ ካልቀረበ ታይፒስት ሆና ትቀራለች። ሰባ ስድስት ዓመቷ ነው ኑኃሚን፤ ሁለተኛ እትም አትጠብቅም።»

«ፎቶው አይበቃም?»

«የመጽሐፉ አዘጋጅ ዶክተር ሮቤራ ፎቶ ማስረጃ አይሆንም ብለው ለአሳታሚው ጻፉ። ዋናው በባለሙያ ይመርመር ተባለ። ዛሬ ለአንቺ ላመጣልሽ ነበር።»

«ቁልፉ ማን ዘንድ ነው?»

«እኔ ዘንድ። ሌላ የለም።»

«ባለፈው ሳምንት ይህን ሳጥን ማን አየ?»

«ዶክተር ሮቤራ ረቡዕና ዓርብ ጠዋት። እትዬ ሠርካዲስ፣ የፕሮፌሰሩ ባለቤት፣ ዓርብ ከሰዓት። ሳጥን ሲመለስ ማህደር እቆጥራለሁ። ሁልጊዜም ሠላሳ አንድ ነው።»

«አንባቢ ሲኖር ክፍሉን ትተሽ ትወጫለሽ?»

«ፎቶ ኮፒ ላነሳ ወደ ኮሪደሩ ወጣ እላለሁ። ሁለት ደቂቃ።»

በሁለት ደቂቃ ወረቀት ለክቶ፣ ቆርጦ፣ ካርቶን ጨምሮ መልሶ ማሰር አይቻልም። ይህ ሥራ ጊዜ ያለው፣ ቁልፍም ያለው ሰው ሥራ ነው። ቅዳሜና እሑድ ቁልፉ የነበረው አንድ ሰው እጅ ነው። ክፍሉ ጥግ ላይ ደግሞ አሮጌ ጋዜጣ ተቆልሏል።

ማኑ ጋዜጣውን ከማህደሩ አውጥቶ በፖስታ አሸገው። ሳያሽገው በፊት ሊዘረጋው ሲል «ተወው» አልኩት። ቸኩዬ ነበር።

*

ወይዘሮ ሠርካዲስ ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ቤታቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ በምርኩዝ ነው የሚንቀሳቀሱት።

«ዓርብ ሰነድ ክፍሉ ሄደው ነበር» አልኳቸው።

«ሄጃለሁ። የሠርጋችንን ፎቶ ልሰጥ። ለእሷ ምዕራፍ ሊሰጧት ነው አሉ፤ ለእኔ አንድ ፎቶ አይነፍጉኝም ብዬ ነው።»

«ደብተሩን ያውቁታል?»

«ሦስት ዓመት እራት አብሮን ይቀርብ ነበር እኮ። ባለቤቴ ማታ ማታ ይዞት ይገባል፤ እየበላ ያነበዋል። ይስቃል ደግሞ። ቁጥር እያነበበ የሚስቅ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላየሁም።»

«እኔ አይቻለሁ። የእኔን ደብዳቤ ሲያነብ ስቆ አያውቅም።» ምርኩዛቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩት። «ባገኘው አቃጥለው ነበር። ሳላቃጥለው በፊት ግን አንድ ጊዜ እገልጠዋለሁ። ምኑ እንደሚያስቅ ልየው።»

ማኑ ጣሪያውን አየ።

«ሴትዮዋን በአካል ያውቋታል?»

«ከሩቅ። ወለተሰንበት ትባላለች። የማን ልጅ እንደሆነች አልጠየቅኩም፤ ልጋባት ነው እንዴ? በዚህ ሰሞን ደግሞ ሰው ሁሉ ስለ እሷ ነው የሚጠይቀኝ።»

እኔ ማስታወሻዬን ዘግቼ ተነሥቼ ነበር። ቅዳሜና እሑድ ከቤታቸው እንዳልወጡ ጎረቤቶቻቸው መሰከሩ። ደረጃውን ስንወርድ ማኑ «ቅናት ያቆያል ኢንስፔክተር፤ ሴትዮዋ ገና መቶ ይደፍናሉ» አለኝ።

*

ማክሰኞ ጠዋት ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ዶክተር ሮቤራ ቤት ሄድን። የፕሮፌሰሩ ተማሪ፣ ኋላም ረዳታቸው የነበሩ፣ አሁን የሚታተመውን መጽሐፍ የሚያዘጋጁት እሳቸው ናቸው። ግድግዳው ሙሉ መጽሐፍ ነው። በረንዳው ላይ የዕለቱን ጋዜጣ በአረንጓዴ እስክሪብቶ ሲሞሉ ነበር የደረስነው፤ የመስቀለኛ ቃላት ጨዋታውን።

«ከጡረታ በኋላ የቀረችኝ ፈተና እሷ ናት» አሉና ጋዜጣውን አጠፉት። «ግቡ።»

ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ወደ ሐዋሳ መሄዳቸውን፣ የእህታቸውን ልጅ ሠርግ በልተው እሑድ ማታ መመለሳቸውን ነገሩን። ፎቶዎቹን አሳዩን። በሁሉም ላይ አሉ፤ በአንዱ እንዲያውም ይጨፍራሉ።

«ስለ ሚስ ጃርሶ ምን ያስባሉ?»

«ደብልዩ ጃርሶ» አሉ ቀስ ብለው። «ያችን የግርጌ ማስታወሻ አርባ ዓመት አንብቤአታለሁ። የምታወራው ስለ ታይፕ ነው።»

«ናዝሬት ግን ሌላ ነገር አገኘሁ ትላለች።»

«ናዝሬት ታታሪ ልጅ ናት።» ሻይ ቀዱልኝ። «ታታሪ ሰው ሦስት ዓመት ለፍቶ ባዶ እጁን መውጣት ይከብደዋል። እኔ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዋናው ደብተር ልክ ሊመረመር ሲል ለምን ጠፋ?»

ይህን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ጻፍኩት። ስጽፈው ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህንን መደበቅ አልችልም። ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘልኝ። የዳር ጽሑፉን ናዝሬት ራሷ ጽፋዋለች፤ ሐሰት መሆኑን ከሚለይ ሰው ፊት ሊቀርብ ሲል ደግሞ አጥፍታዋለች። ያ ሰው እኔ ነኝ። በመጨረሻ ናዝሬት እኔን የፈራችበት ምክንያት አገኘሁ።

*

ከሰዓት በኋላ ቤቷን ፈተሽን። ምንም አላገኘንም። ጎረቤቶች በየደረጃው ቆመው ያያሉ። እናቴን የሚያውቁ ናቸው፤ ማንም ሰላም አላለኝም።

ጣቢያ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ቅዳሜ የት ነበርሽ?»

«ቤቴ።»

«ማን አየሽ?»

«ማንም። ብቻዬን የምኖር መሆኔን ታውቂያለሽ።»

«ያ የዳር ጽሑፍ የማን እጅ ነው?»

«የፕሮፌሰሩ።» ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበች። «ኑኃሚን፣ ደብተሩን አይደለም እኮ የምትጠይቂኝ።»

«ሌላ ምን እጠይቅሻለሁ?»

«እናትሽን። ሦስት ዓመት ሙሉ ደረጃ ላይ ስታገኚኝ አንገትሽን ትሰብሪያለሽ። ምን ወሰድኩብሽ? እናትሽ የምታወራው ስለ አንቺ ብቻ ነበር። ኑኃሚን ፈተና አለፈች፣ ኑኃሚን በረዶ ላይ ወደቀች። ዘጠኝ ዓመት ቁጭ ብዬ ስለ አንቺ ሰማሁ። የምቀናው እኔ መሆን ነበረብኝ።»

ይህንን መዝገቡ ላይ አልጻፍኩትም። «ተጠርጣሪዋ ለጥያቄው ቀጥተኛ መልስ አልሰጠችም» ብዬ አለፍኩ። በዚያው ቀን ማረፊያ ክፍል እንድትገባ ፈረምኩ።

ማኑ ወረቀቱን ተቀብሎ ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ምን?» አልኩት።

«ምንም ኢንስፔክተር። ፊርማዎ ዛሬ ትልቅ ሆነብኝ።»

*

ረቡዕ ዕለት ወለተሰንበትን ለማነጋገር የሄድኩት ክሱን ለማጠናከር ነበር። የዳር ጽሑፉን አላውቀውም ካሉኝ ነገሩ አለቀ።

ከተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ይኖራሉ። ጡረታ እስኪወጡ ታይፕ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ሳሎናቸው መሃል፣ ሌላ ሰው ቴሌቪዥን በሚያስቀምጥበት ቦታ፣ በእጅ የሚዞር አሮጌ የሒሳብ ማሽን በዳንቴል ተሸፍኖ ተቀምጧል።

«በጨረታ ሲሸጡት ገዛሁት» አሉ ዓይኔን አይተው። «ሠርካዲስ ባሏን የፈለግኩባት ይመስላታል አሉ። እኔ ማሽኑን ነበር የፈለግኩት። አሁን አገኘሁት፤ እሷም ባሏን ወስዳለች። ምን ያጣላናል?»

«ደብተሩን መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት?»

«በስልሳ አራት ዓ.ም.፣ ሰኔ። ሥራው አለቀ፣ በደመወዝ ማነስ ወጣሁ።»

«ናዝሬት አላሳየችዎትም?»

«ላመጣልሽ አልችልም፣ ከክፍሉ አይወጣም፣ ነይና እይው አለችኝ። ጉልበቴ ሲሻለኝ ብዬ ቀረሁ።»

«ፎቶስ?»

«እኔ ስልክ ላይ አይታየኝም ልጄ።»

ማስታወሻዬን ገለጥኩ። «ገጽ ስልሳ ሁለት ላይ ምን ነበረ?»

ቁጥሩን አስታውሰው ለማግኘት እንኳ አልደከሙም።

«የሁለት ስህተት። በሁለት ማካፈል የነበረባቸውን አላካፈሉም። ሦስት ቀን ፈራሁ፤ ከዚያ በቀይ ጻፍኩት። በማግስቱ ደብተሩ ተመለሰልኝ። ዳሩ ላይ ‘ወለተሰንበት፣ ልክ ነሽ። እኔ ተሳስቻለሁ’ ይላል። ከሥሩ ሸ እና ነጥብ። ሰማይ የደረስኩ መሰለኝ። ኮከብ ምን እንደሆነ እንኳ በቅጡ አላውቅም ነበር፤ ቁጥሩን ግን አውቀው ነበር።»

እጄ ማስታወሻው ላይ ቆመ። ናዝሬት አልፈጠረችውም።

«ያችን ልጅ አሰርሻት አሉ» አሉኝ።

«ምርመራ ላይ ነን፣ ሚስ ጃርሶ።»

ለምን እንደዚያ ብዬ እንደጠራኋቸው አላውቅም። አሳታሚው፣ አቤቱታው፣ ዶክተሩ፣ ሁሉም እንደዚያ ስለሚል ይሆናል።

«ጃርሶ አባቴ ነው» አሉ ረጋ ብለው። «ሞቷል። እኔን የምትፈልጊ ከሆነ ወለተሰንበት ነኝ።»

ክራኮቭ ሳለሁ ዘጠኝ ዓመት «ፓኒ ቦጂያ»፣ ወይዘሪት ቦጂያ እንደማለት፣ ስባል ነው የኖርኩት። ቦጂያ አባቴ ነው። በስሜ የሚጠራኝ ሰው ስላልነበረ ከጊዜ በኋላ ለቦጂያ ዞር ማለት ለመድኩ። ሰኞ ጠዋት ሳጥን ሰባትን ስከፍት እጄ ሳያስብ ወደ «ጃርሶ» የሄደው ለዚህ ነው።

የጣሪያውን ደብዳቤዎች የወሰደውም ሰው እንደ እኔ ጃ ላይ ነው የፈለገው።

ናዝሬት መዝገቡን ያዘጋጀችው ራሷ ናት፤ ጃ ላይ አትሄድም። ወይዘሮ ሠርካዲስ የወለተሰንበትን አባት ስም አያውቁትም። ሴትዮዋን በግርጌ ማስታወሻ ብቻ የሚያውቃት፣ የደብልዩን ትርጉም የማያውቅ ሰው ግን ይሄዳል። ስርቆቱም አንድ አይደለም፤ ሁለት ነው። መጀመሪያ ቸኩሎ፣ በእጁ የያዘውን ጋዜጣ ተክቶ፣ የተሳሳተውን ወሰደ። ሁለተኛ ጊዜ ግን ቤቱ ቆርጦ ያዘጋጀውን ወረቀት ይዞ መጣ። ለዚያ ደግሞ ሁለት ደቂቃ ይተርፋል።

*

ጣቢያ ተመልሼ የታሸገውን ጋዜጣ ከፈትኩት። ያለፈው ረቡዕ ዕትም ነው። ዘጠኝ ዓመት ወረቀት ስመረምር የኖርኩ ሰው ሳልዘረጋው ሁለት ቀን አስቀምጬዋለሁ። በመጨረሻው ገጽ ላይ ያለው መስቀለኛ ቃላት እስከ ግማሹ ተሞልቷል። በአረንጓዴ።

ማኑ በትከሻዬ ላይ አየው። «ጨዋ ነው ያልኩት ትክክል ነበር» አለ። «የቤት ሥራውን ትቶልናል።»

ወይዘሮ ሠርካዲስ ጋ ደወልኩ።

«ሰኞ ዕለት ሰው ሁሉ ስለ እሷ ይጠይቀኛል ብለውኝ ነበር። ሌላ ማን ጠየቀዎት?»

«ሮቤራ ነዋ። ባለፈው ሐሙስ ደውሎ ‘ያቺ ታይፒስት ስሟ ማን ነበር?’ አለኝ። አርባ ዓመት የሁለታችንንም እራት ስታበላሽ ኖራ ስሟን ለእሱ እኔ ልንገረው? ነገርኩት እንግዲህ።»

*

ሐሙስ ማለዳ ዶክተር ሮቤራ በሩን ራሳቸው ከፈቱ። ጋዜጣውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። አዩት። መነጽራቸውን አወለቁና በሸሚዛቸው ጫፍ ብዙ ጊዜ ወለወሉት።

«የጋዜጣውን ይሁን» አሉ። «ከዚያ በፊት ግን የሆነ ነገር አይተሻል። በምን አወቅሽ?»

«እኔም መጀመሪያ ጃ ላይ ነው የፈለግኩት።»

እንደ መሳቅ አሉ። «ረቡዕ ቤቴ ገብቼ ስከፍተው ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ዝናብ። ያን ዕለት ነው የገባኝ። ሠላሳ ዓመት የጠላኋትን ሴት ስሟን አላውቀውም።»

«ምን አድርጋዎት ነው የጠሏት?»

«ስሌት ሠርቼ ሳሳያቸው ፕሮፌሰሩ ገልጠው ያዩና ‘አንዲት ሰው ነበረች፤ እሷ ብትሆን ስህተቱን እስካሁን ታገኘው ነበር’ ይሉኛል። ማን ናት ስላቸው ዝም። አሳታሚው የሚስ ጃርሶ ደብተር ተገኝቷል፣ ፎቶም አለ ብሎ ሲጽፍልኝ ነው፣ ፎቶውን ሳላየው፣ ማን እንደሆነች የገባኝ።»

ተነሥተው ከመደርደሪያው ትልቅ ቡናማ ፖስታ አወጡ። ደብተሩ ውስጡ ነበር፤ ደብዳቤዎቹም። ገጽ ስልሳ ሁለትን ገለጥኩ። ቀዩ ቀለም ደብዝዟል፤ የዳሩ ጽሑፍ ግን አለ።

«ለምን አላቃጠሉትም?»

«የእሳቸው እጅ አለበታ።» ድምፃቸው ሳይሰበር ነው የተናገሩት። «ሠላሳ ዓመት ቦርሳቸውን ተሸከምኩ። መድኃኒታቸውን ገዛሁ። ሲሞቱ ሬሳቸውን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ሮቤራ፣ ልክ ነህ ብለው አንድ ወረቀት ላይ አልጻፉልኝም። አንዲት ታይፒስት በሃያ ሦስት ዓመቷ አጻፈቻቸው።»

«ዓርብ ስታልፍ ይመልሱት ነበር?»

«አዎ። ዓርብ ስታልፍ ሳጥኑ ውስጥ አኖረው ነበር። ለልጅቷ ግን አዝናለሁ። አንቺ ያን ያህል ትቸኩያለሽ ብዬ አልጠበቅኩም። ሻይ ሳልቀዳልሽ በፊት አምነሽኝ ነበር።»

በዚያች ሰዓት ከዚያ ሰውዬ የምለየው በምን እንደሆነ ብጠየቅ፣ እኔ መታወቂያ ይዣለሁ ከማለት በቀር የምናገረው አልነበረኝም።

«ኢንስፔክተር» አለ ማኑ በዝግታ፣ «እሳቸውን እኔ ልውሰዳቸው። እርስዎ ጣቢያ የሚያስለቅቁት ሰው አለዎት።»

*

ናዝሬት በፕላስቲክ ከረጢት የተሰጣትን ዕቃ አንድ በአንድ ቆጠረች። ቀበቶ፣ ስልክ፣ የሰነድ ክፍሉ ቁልፍ። እንደ ማህደር ነው የቆጠረችው።

«ደብተሩ ተገኝቷል» አልኳት።

«ገጽ አልተቀደደም?»

«አልተቀደደም።»

«ደረቅ ቦታ አስቀምጪው።»

ከዚያ በላይ ትናገራለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷም ከእኔ የሆነ ነገር እየጠበቀች ነበር መሰለኝ፤ በሩ ላይ ቆም አለች። የተዘጋጀሁበት ቃል ነበረኝ። ከሌሊቱ ጀምሮ በአፌ ይዤው ነበር። ዘበኛው እያየ ነው፣ ጸሐፊዋ እያየች ነው፤ አልወጣ አለኝ። በምትኩ «መኪና ልስጥሽ?» አልኳት።

«ታክሲ አለ» አለችና ወጣች።

*

ዓርብ ጠዋት የምርመራ ውጤቱን ጽፌ ፈረምኩ፦ ደብተሩ በዘመኑ ወረቀትና ቀለም የተጻፈ ነው፣ ስሌቱ የወለተሰንበት ጃርሶ፣ የዳር ጽሑፉ የፕሮፌሰር ሸዋንግዛው እጅ ነው። ለአሳታሚው ላክሁት። ከሰዓት በኋላ መልስ መጣ። አዲሱን የርዕስ ገጽ አያይዘውታል። ከፕሮፌሰሩ ስም አጠገብ፣ በእኩል ፊደል፣ ሌላ ስም ተጨምሯል። ሙሉ ስም ነው፤ ደብልዩ የሚል የለበትም።

ወረቀቱን አትሜ ሰነድ ክፍሉ ይዤው ሄድኩ። የጠራኋቸው እትዬ ወለተሰንበት ጉልበታቸውን እየረገሙ ሦስት ፎቅ ወጥተው ደረሱ። ገጹን ወደ መስኮቱ አስጠግተው አነበቡት። ከዚያ እንደ ታይፕ አስተማሪ ከፊደል ፊደል እንደገና አነበቡት።

«ስህተት የለውም» አሉ። «ያቺ ልጅስ? ከእሷ ጋር ነው ላየው የምፈልገው።»

የናዝሬት ጠረጴዛ ላይ ቁልፉና አንድ የታጠፈ ወረቀት ነበሩ። ማንበብ አላስፈለገኝም፤ ከላይ «ጉዳዩ፦ ሥራ ስለመልቀቅ» ይላል።

«ትመጣለች» አልኳቸው።

ኮሪደሩ ላይ፣ ፎቶ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ ቆሜ ስልኬን አወጣሁ። ብዙ ጻፍኩና አጠፋሁት። ስለ እናቴ ጻፍኩ፣ እሱንም አጠፋሁት። በመጨረሻ የላክሁት ይህን ነው፦

«ስሟ ገብቷል። ወረቀቱን ይዛ እዚህ ቁጭ ብላ አንቺን እየጠበቀች ነው። ናዝሬት፣ ልክ ነሽ። እኔ ተሳስቻለሁ። ኑ.»

አንድ ራይት ታየ። ትንሽ ቆይቶ፣ ሲነበብ የሚጨመረው ሁለተኛው መጣ። አንብባዋለች።

እትዬ ወለተሰንበት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጠበቁ። ወረቀቱን አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና በክንዴ ተደግፈው ወረዱ። ያ በሚያዝያ ነበር። አሁን ነሐሴ ገብቷል፤ ስልኬን ስከፍት ከመልእክቴ በታች ያለው ቦታ አሁንም ባዶ ነው።